ሳይረግጡ መናገር ክልክል ነው

በአራተኛ ክፍል ሳለን ሳይረግጡ መናገር ክልክል ነበር።

እጅ ማውጣት የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ አይሠራም። መናገር የፈለገ ልጅ ብድግ ይልና የእንጨቱን ወለል በተረከዙ ሁለቴ ይመታል፤ ድው፣ ድው። ቲቸር ከሰሌዳው ዞር ትላለች፣ ዓይኗ ረጋጩን ፈልጎ ያገኛል፣ አፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም እንዲሁ አይከፈትም። እጅ ከአፍ፣ እርሳስ ከጥርስ፣ አገጭ ቀና! «አፍሽን ታጥበሽ ተናገሪ» ትለናለች፤ ቃሉን ሳናላምጥና ሳንውጥ፣ በከንፈራችን ቅርጽ ሰጥተን እንድናወጣው ማለቷ ነው። አርባ ሁለት ልጆች ነበርን፤ አርባ ሁለታችንም ወሬ እንወዳለን። ከጎናችን ባለው ክፍል የሚያስተምሩት የሒሳብ መምህር «አንቺ ሴትዮ፣ ፈረስ ነው እንዴ የምታስተምሪው?» እያሉ በግድግዳው በኩል በየቀኑ ይጮሁባት ነበር። ቲቸር አንድም ቀን መልስ ሰጥታቸው አታውቅም። ኩራቷን ወደድንላት።

እንግሊዝኛ በዓለም ላይ ሁሉ እንዲህ የሚነገር ይመስለኝ ነበር። ልማዱም አለቀቀኝም። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሁለት መቶ ተማሪ በታጨቀበት አዳራሽ ውስጥ አንድ ጥያቄ መጣብኝና ሳላስበው ብድግ ብዬ ወለሉን ሁለቴ ረገጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ እግሩን ሰብስቦ «በረሮ ነው?» አለኝ።

ወደ በረሮው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ጆሮዋ ልናገር።

እኛ ልጆቹ የቲቸርን ጆሮ እንደ ተአምር ነበር የምናየው። ነገሩ የጀመረው በራዲዮ ነው። ራዲዮ የክፍላችን ልጅ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ስለማትዘጋ ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆመን፣ ቲቸር ደግሞ ከማዶ በመምህራን ክፍል መስኮት ውስጥ፣ በተዘጋ መስተዋት ጀርባ ሻይ ስትጠጣ፣ ራዲዮ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «የዛሬው የቲቸር ቀሚስ መጋረጃ አይመስልም?» አለች። ሹክሹክታው ለእኔ ለራሴ እንኳ በግድ ነው የደረሰኝ። ደወል ተደውሎ ስንገባ ቲቸር በሩ ላይ ጠበቀቻትና «ራዲዮ፣ ከመጋረጃው ጨርቅ ተርፎኛል፤ ለአንቺም ላሰፋልሽ?» አለቻት።

ራዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋች።

ከዚያ ወዲያ የቲቸር ጆሮ መስተዋት ይበሳል ተባለ። ሞከርናት። በጣም ርቀን፣ በጣም ዝቅ አድርገን ስናንሾካሹክ ትሰማለች። አንዳንድ ጊዜ ግን ከጀርባዋ ቆመን በደህና ድምፅ ስናማት ዝም ትለናለች። ያንን ትዕግሥት ነው ብለን ተረጎምነው።

እኔ ማንጠልጠል አልወድም፤ መጽሐፍ ስጀምር የመጨረሻውን ገጽ ቀድመው ከሚያዩት ነኝ። ስለዚህ ያኔ ያላወቅሁትን አሁኑኑ ልናገረው። ቲቸር አትሰማም ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቷ አንድ ብርቱ ሕመም ይዟት ሲለቃት ጆሮዋን ይዞ ሄደ። መናገር አልጠፋባትም፤ ከንፈር ማንበብን ደግሞ በመስታወት ፊት ቁጭ ብላ ራሷን አስተማረች። ራዲዮን የሰማቻት በዓይኗ ነው። ድው ድው የምንለውን የምትሰማው በውስጥ እግሯ፣ በሳሳ የጫማ ሶል በኩል ነው። ትምህርት ቤቱ ይህን አያውቅም። የቀጠራት ለአንድ ዓመት በሙከራ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ተቆጣጣሪ መጥቶ ስታስተምር አይቷት ደህና ናት ካለ ቋሚ ትሆናለች፣ የለም ካለ ትሰናበታለች። ከዚያ በፊት ሁለት ትምህርት ቤቶች ገና በር ላይ «አትሰሚም እንዴ?» ብለው መልሰዋታል።

እኔ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ጎበዝ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። የፊት ጥርሴ ወልቆ ሌላው እስኪበቅል «ፍንጭቷ» ይሉኝ ነበርና፣ ስናገር አፌ እንደ በር ወለል ብሎ ነው የሚከፈተው። ከአርባ ሁለት ልጅ ለማንበብ የምቀል እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ቃላቱ።

የዚያን ዓመት ትልቁ ትምህርታችን ቲቸር «መንትዮች» የምትላቸው ነበሩ፤ ድምፃቸው አንድ፣ ሥራቸው ሌላ የሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት። ሰን የሚባል ቃል አለ፤ አንዱ ሰማይ ላይ ያለችው ፀሐይ ናት፣ ሌላው የእናቱ ወንድ ልጅ። አንዱ ሚት ሥጋ ነው፣ ሌላው መገናኘት። ራይት የሚባለው አንዴ ይጽፋል፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ደግሞ መልካቸው አንድ ሆኖ ድምፃቸው የሚለይ አሉ፤ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ትጽፍና «ሊድ ስትሏት ትመራለች፤ ሌድ ስትሏት ግን እርሳስ ሆና ትከብዳለች» ትላለች። ለመጀመሪያው ፈገግ እንላለን፣ ለሁለተኛው መንጋጋችንን እንጥላለን፤ አርባ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ መንጋጋውን ሲጥል ማየት ነው!

ክፍሉ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮበታል። ገመዱ ላይ ከጫማ ካርቶን የተቆረጡ ካርዶች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል፤ መንትዮቹ ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ ከነሥዕሉ። አንድ ልጅ ረግጦ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፤ ሁለት ልጆች ይሮጣሉ፣ ይጋፋሉ፣ ካርድ ነጥቀው ያነሳሉ። ገመዱ ይበጠሳል። መቆንጠጫ እንደ ፌንጣ ይዘላል። በአቧራው መሀል ቲቸር እየሳቀች አንዱን ልጅ ትይዝና «እሺ፣ ጎረቤቱን ንገረኝ» ትለዋለች።

ይቺ ናት ጥያቄዋ። ሌላ ጥያቄ የላትም። «ጆሯችሁን አትመኑት» ትለን ነበር። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁለት ቃል በድምፅ አንድ ከሆነ ጆሮ ምን ይፈይዳል? ማን እንደሆነ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። ከጎኑ ማን አለ? ከፊቱስ? ከኋላውስ?» እኛም እየረገጥን፣ አፋችንን ታጥበን፣ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እንቆጥርላታለን።

አሁን ሳስበው እንዴት ብልህ ነበረች! መንትዮቹ ለእኛ በጆሮ አንድ ናቸው፤ ለእሷም በከንፈር አንድ ናቸው። እዚህ ትምህርት ላይ የሚሰማ ሰው ከእሷ በምንም አይበልጥም። ዓመቱን ሙሉ እኩል ሆና የምትቆምበትን ቦታ መርጣ ነው የቆመችው።

እናቴ የዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብላ ስትተይብ ነው የምትውለው፤ ቲቸር ከጀርባዋ ስትጠራት እንደማትዞር አይታ ምስጢሩን ብቻዋን ደርሳበታለች። አባቴ ሊሾ ሠሪ ነው፤ ያረጀ ወለል ነቅሎ ሲሚንቶ ያፈስና መስታወት እስኪመስል ያለሰልሰዋል። ትምህርት ሲዘጋ የትምህርት ቤታችንን ሰባት ክፍሎች ወለል ሊቀይር ተዋውሎ ነበርና እኔ ለክፍሌ ልጆች ሁሉ «አባዬ የእኛን ክፍል መጀመሪያ ነው የሚሠራው፤ በካልሲ መንሸራተት ትችላላችሁ» ብዬ አስወርቻለሁ።

ተቆጣጣሪው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ደፍ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን በጋዜጣ እሸፍናለሁ። አባዬ ግቢው ውስጥ የእጁን ሲሚንቶ በሳፋ ይታጠባል። እማዬ የደረቀ አንሶላ ታጥፋለች።

«ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል» አለች።

«ይምጣ።»

«ይምጣ ትላለህ! የጆሮዋ ነገር ከታወቀ እኮ አለቀላት። ቋሚነቱ ይቀርና ሜዳ ላይ ነው የሚጥሏት።»

«ማን ይነግርባታል? አንቺ?»

«እኔማ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። ዳይሬክተሩ ግን ሸቶታል መሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ጆሮ ይዞ ማስተማር አይቻልም የሚል ሰው ነው።»

«ልጆቹን አይተው ይፍረዱ።»

«እስቲ ይህን ለእነሱ አስረዳ። ደግሞ አደራህን፣ ያንን የእሷን ክፍል አታስነካው።»

አባዬ ውሃውን ከእጁ አራገፈ። «ውሉ ሰባት ክፍል ይላል፣ ሴትዮ።»

«ስድስት አድርገው።»

«ሰባተኛውን ምን ልበል? ረሳሁት ልበል?»

«ሲሚንቶ አነሰኝ በላ!» ከዚያ ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ውይ፣ ልጅቷ አለች።»

«እሷ?» አለ አባዬ። «እሷ የምትሰማው የራሷን ድምፅ ብቻ ነው፤ ተዪያት።»

ሁሉንም ሰምቻለሁ! የወለሉን ነገር እንደ ስድብ ቆጠርኩትና ለጊዜው ወደ ጎን አደረግኩት። የጆሮዋ ነገር ግን ወለል ብሎ ታየኝ። ዳይሬክተሩ ቢሮውን ዘግቶ በስልክ ያንሾካሹካል። መስተዋት የሚበሳ ጆሮ ያላት መምህርት በኮሪደሩ ታልፋለች። በቃ! ምስጢሩን ሁሉ ትሰማበታለች ማለት ነው። ስለዚህ ሊያባርራት ፈለገ። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ጆሮዋ ከሰው ጆሮ መብለጡን ሊፈትን ነው። እንዲህ ዓይነት ጆሮ ይዞ ማስተማር አይቻልማ! አስተማሪ ሁሉን ከሰማ ተማሪ ምን ይውጠዋል?

ሐሙስ ጠዋት ክፍሉን በሙሉ የውሃ ታንከሩ ሥር ሰበሰብኩ።

«ሰውዬው የቲቸርን ጆሮ ሊፈትን ነው የሚመጣው» አልኩ። «ጆሮዋ ከታወቀ ትባረራለች። እማዬ ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ውሸታም!» አለች ራዲዮ።

«እማዬ ትሙት!»

በእናት ከተማለ ቀልድ የለም።

«እና ምን እናድርግ?» አለ አንድ ልጅ።

«አፋችንን ይዘን እናወራለን። በእጅ፣ በደብተር፣ ባገኛችሁት። ድምፃችን ታፍኖ እንዳይደርሳት። ካልደረሳት መልስ አትሰጥም። መልስ ካልሰጠች ሰውዬው ‹ይቺማ እንደማንኛውም ሰው ናት› ይልና ይሄዳል።»

«አፍነነውም ብትሰማስ?» አለች ራዲዮ።

«ያኔ እግዜር ይሁናት።»

ተማማልን። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ምሩቅ ሆኜ ፎቶ ስነሳ እንኳ የዚያን ጠዋት ሩብ አልኮራሁም። የአንዲትን ሴት የዕለት ጉርስ ከአፏ የምነጥቅበትን ዘዴ በገዛ እጄ አደራጅቼ፣ ከፊት ከፊት እየመራሁ ወደ ክፍል ገባሁ።

ተቆጣጣሪው አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ አዲስ ጫማው ሲጢጥ የሚል ሰው ነበር። ዳይሬክተሩ እስከ በር አድርሶት ተመለሰ። ሰውዬው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ቲቸር የዚያን መጋረጃ ቀሚስ ለብሳለች። ሰሌዳው ላይ ሰን ብላ ሁለት ዓይነት ጻፈችና ወደ እኛ ዞረች።

ድው፣ ድው። ከመሀል አንድ ልጅ ተነሳ። መዳፉን አፉ ላይ ለጠፈና አጉረመረመ።

«እጅ ከአፍ» አለች ቲቸር።

እጁን አላነሳም። ደግሞ አጉረመረመ። ቲቸር ትንሽ ጠበቀችና ወደ ሌላ ልጅ አገጯን አነሳች። ሌላዋ በደብተር ጀርባ ተናገረች። ሦስተኛው በሹራቡ እጅጌ። ክፍሉ በሙሉ ጥርሱን ያመመው መሰለ። «እጅ ከአፍ!» አለች፣ ጮክ ብላ። ማንም ንቅንቅ አላለም፤ ተማምለናላ! የተቆጣጣሪው እስክሪብቶ ፋይሉ ላይ መሮጥ ጀመረ።

ጠመኔው እጇ ውስጥ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ። ከዚያ ፊት ወንበር ላይ ወዳለሁት ወደ እኔ ተመለከተች። ያ አስተያየት ልመና እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። እንዴት ያለች ተዋናይ! ምንም እንዳልሰማች እንዴት አሳምራ ታስመስላለች! አውራ ጣቴን አነሳሁላት።

ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ሰሌዳው ዞረችና መጻፍ ጀመረች።

«መምህርት» አለ ተቆጣጣሪው ከኋላ።

ትጽፋለች።

«መምህርት፣ አንድ ጊዜ።»

ትጽፋለች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ የጠመኔው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰውዬው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ።

«መምህርት!»

አሁን ይህ ነገር ከእቅዴ ጋር በጣም የተስማማ ነበር፤ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አልቻልኩም። እኔ ሕግ ሲጣስ አይቼ ዝም የማልል ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ለዚህ ጠባዬ ወዳጅ የለኝም። ወደ ኋላ ዞርኩና ጮህኩ።

«ጋሼ! ሳይረግጡ መናገር ክልክል ነው!»

«ምን አልሽ?»

«እኛ ክፍል ሳይረግጡ አይናገሩም! ብድግ ይበሉና ወለሉን ይምቱ። ሁለቴ!»

«በተረከዝ!» አለች ራዲዮ፣ በእጇ ውስጥ።

ልጆቹ ሳቁ። ሰውዬው ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ብድግ አለና በአዲሱ ጫማ ወለሉን ሁለቴ መታው። ገመዱ ላይ ያሉት ካርዶች ተንቀጠቀጡ።

ቲቸር ዞረች። «አቤት፣ ጌታዬ?» አለች፣ ፈገግ ብላ።

ሰውዬው አያት። ጫማውን አየ። ተቀመጠ። «እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር እኔ ልስጣቸው» አለና፣ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ፋይሉን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አነበበ። ከአፉ ምንም አይታይም፤ የሚታየው ካርቶኑ ብቻ ነው።

«ዘ ቤከር ሃዝ ኖ ፍላወር ቱደይ።»

ፍላወር! እኔና ራዲዮ በአንድ ጊዜ ተወረወርን። ወንበር ተገለበጠ፣ መቆንጠጫ ዘለለ፤ እኔ ዱቄት የተሣለበትን ካርድ ነጠቅሁ፣ እሷ አበባውን። ሁለታችንም እያለከለክን ሰሌዳው ፊት ቆመን ከፍ አደረግን።

«የትኛዋ ልክ ናት፣ መምህርት?» አለ ሰውዬው። ይህን ሲል ፋይሉን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ቲቸር ዱቄቱን አየች። አበባውን አየች። ዓረፍተ ነገሩን አላየችም። አርባ ሁለት ልጅና አንድ ተቆጣጣሪ አፏን ይጠብቃሉ። ወይ ይቺ ናት፣ ወይ ያቺ፤ በደፈናው ብትገምት ግማሽ ዕድል ነበራት። አልገመተችም።

«ራዲዮ፣ ጎረቤቱን ንገሪኝ» አለች።

ራዲዮ ለመሐላዋ ታማኝ ናት። የአበባውን ካርድ አፏ ላይ ከደነችና ከጀርባው ረጅም ንግግር አደረገች። ቲቸር እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ በቀስታ ወደ እኔ ዞረች።

«ፍንጭቷ፣ አንቺስ? ጎረቤቱን ንገሪኝ።»

ካርዴን ወደ አፌ አመጣሁ። መሐላ መሐላ ነው። ግን መልሱ ምላሴ ላይ ነው! ልክ ነኝ! ራዲዮ ተሳስታለች፣ እኔ ልክ ነኝ፣ ይህንንም ከካርቶን ጀርባ ላጉረመርመው ነው? ሰውዬውም ቲቸርም ራዲዮም አጥርተው ሊሰሙኝ አይገባም? መሐላውን፣ እቅዱን፣ የቲቸርን ጆሮ፣ ሁሉንም ረሳሁት። ካርዱን ጭንቅላቴ ላይ አነሳሁና አፌን እስከ ወለቀው ጥርሴ ከፈትኩ።

«ዘ ቤከር ሃዝ ኖ ፍላወር ቱደይ! ጎረቤቱ ቤከር ነው! ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ቲቸር! ዳቦ ጋጋሪ አበባ ምን ያደርግለታል? ዱቄት ነው ያለቀበት!»

የቲቸር ፊት እንደ መብራት በራ።

«ልክ ናት» አለች ለሰውዬው። «ዱቄት ነው።»

«ለሚስቱ ቢገዛላትስ?» ብላ ራዲዮ ፈነዳች። ተናዳ ስለነበር ካርዷን ረስታ አውርዳዋለች። «ዛሬ ለሚስቱ አበባ የለውም ማለት አይሆንም?»

«ይሆናል!» አለች ቲቸር። «በጣም ይሆናል፤ ግን ሚስቱ የት አለች? ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አሳዪኝ። ጎረቤት የሌለውን ቤት በምን አውቀዋለሁ?»

ራዲዮ ሚስቱን ፈለገች፣ አጣቻት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ መሐላ የሚባል ነገር አልቀረም፤ ሁሉም ሊናገር ፈለገ፣ ሁሉም ረገጠ፣ እጅ ከአፍ ወረደ። ለጋጋሪው ሚስት ሰጡት፣ ልጅ ሰጡት፣ ሰኑን ወደ ሰማይ ሰደዱት። የሒሳብ መምህሩ ግድግዳውን ደበደቡ። ተቆጣጣሪው መጻፉን ትቶ ፋይሉን ዘጋ።

ሊወጣ ሲል አንድ ነገር አየሁ። ቲቸር ጀርባዋን ሰጥታው የተበጠሰውን ገመድ ትቋጥራለች። ሰውዬው በሩ ጋ ቆመ። ወለሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፣ ከዚያ በጫማው ጫፍ፣ ለስለስ አድርጎ፣ ሁለቴ ነካው። ድምፁ ለእኔ እንኳ አልደረሰኝም። ቲቸር ዞረች። ሰውዬው ባርኔጣውን አንስቶላት ወጣ።

ሕጉን እየተለማመደ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለእኔ ሲኦል ነበሩ። ሌሎቹ ያሸነፍን መስሏቸው ይጨፍራሉ። እኔ ግን አሳልፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ ለአንዲት ካርድ ስል አፌን ከፍቼ ጆሮዋን አጋለጥኩት። በየጠዋቱ ወንበሯ ባዶ መሆኑን ለማየት ቀድሜ እመጣለሁ። በትምህርት መዝጊያው ቀን ቋሚ መሆኗ ሲነገር ጉዱን ማመን አቃተኝ። ብዙ አሰብኩና አንድ መደምደሚያ ላይ ደረስኩ፦ ተቆጣጣሪው ራሱ ጆሮው የደከመ ነው።

ትምህርት ሲከፈት ስድስት ክፍሎች እንደ ውሃ ያበራሉ። ሰባተኛው፣ የቲቸር ክፍል፣ ያው አሮጌ እንጨት ነው፤ አምስተኛ ክፍል ሆነንም እንግሊዝኛ የምንማረው እዚያው ነበር። ራዲዮ ካልሲዋን በእጇ ይዛ መጥታ «የታለ መንሸራተቻው?» አለችኝ። አባዬን ጠየቅሁት።

«ሲሚንቶ አነሰኝ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

የሊሾ ሠሪ ልጅ ሆኜ በጣውላ ላይ! ሁለት ወር አኮረፍኩት። ለማስታረቅ የመጣችውን እናቴንም አኮረፍኳት።

እንግዲህ ወደ በረሮው። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመጣ ነገሩን ለእናቴ እንደ ቀልድ አወራሁላት፤ ብድግ ማለቴን፣ መርገጤን፣ ልጁ እግሩን መሰብሰቡን። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋርጣ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እስካሁን አልገባሽም እንዴ ለምን ትረግጡ እንደነበር?»

ነገረችኝ። አንዴ ነው የነገረችኝ፤ የቀረውን ራሴ አስታውሼ ጨረስኩት። መስኮቱን፣ የተሰበረውን ጠመኔ፣ ያነሳሁትን አውራ ጣት። የውሃ ታንከሩ ሥር ያደረግኩትን ንግግር ስነግራት እናቴ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«አንቺ ነሽ አፋቸውን ያስያዝሻቸው? ይህን ሁሉ ዓመት ማን ይሆን ስል!»

«አፌን የከፈትኩትም እኔ ነኝ።»

«ለጉራሽ ብለሽ ነዋ!»

«ለጉራዬ ነው» አልኩ።

ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ውስጡ የካርቦን ቀለም የሚሸት ቀጭን ወረቀት ነበር፤ የተቆጣጣሪውን ሪፖርት የተየበችው እሷ ናት። «ሦስት ኮፒ ብለውኝ አራት አወጣሁ፤ ሌብነት ነው በይኝ» አለች። አንድ ገጽ ነው። አብዛኛው ቀንና ቁጥር ነው። ከታች እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ክፍል የሚናገር ልጅ ሳይታይ አይናገርም፤ የተናገረም ሳይደመጥ አይቀመጥም። መምህርቷ በቋሚነት እንድትቀጠር። ሊታደስ የታሰበው የዚህ ክፍል ወለል ግን የእንጨት ሆኖ እንዲቆይ አሳስባለሁ።»

ምክንያት አልጻፈም። ዳይሬክተሩም አልጠየቀም።

«አባትሽ ሲሚንቶ አነሰኝ ብሎ ሊዋሽ ተዘጋጅቶ ነበር» አለች እናቴ። «አላስፈለገውም። ቢሆንም ያጠናትን ውሸት ለአንቺ አዋላት።»

ባለፈው ወር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ደወል ከተደወለ በኋላ ነው የደረስኩት። የሒሳብ መምህሩ ጡረታ ወጥተዋል፤ በእሳቸው ክፍል ሊሾ ላይ ልጆች ይንሸራተታሉ። ከጎኑ ያለው በር ክፍት ነው። ገመዱ ተወጥሯል፣ ካርዶቹ ተሰቅለዋል። ቲቸር ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፤ ፀጉሯ ጣል ጣል እያለ ነጥቷል። እኔ ደፉ ላይ ቆሜ በመንገድ ላይ ሳሰናዳው የመጣሁትን ንግግር ለመጀመር አፌን ከፈትኩ።

«እትዬ!» አለች ከፊት ወንበር አንዲት ሚጢጢ፣ ሁለት ጥርስ የጎደላት፣ በቁጣ። «ሳይረግጡ መናገር ክልክል ነው!»

ረገጥኩ። ሁለቴ። በተረከዝ።